ሁለቱ ቡሾች

እናትየው ኮቱን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። አባትየው ጫማውን ወልውሎ ከማለዳ ጀምሮ ተጫምቷል። ከሰዓት በኋላ፣ ልጁ በምታስተምርበት ኮሌጅ፣ ዕድሜውን የፈጀበትን ሐሳብ በሳፋ ውሃ ለፊዚክስ መምህራኑ ሊያሳይ ነው።

"እኔን ኮሌጅ ሳታስገባኝ ሳፋዬ ቀደመኝ" አለች እናትየው።

"አንቺ ልብስ ታጥቢበታለሽ፤ እኔ ዓለምን አሳይበታለሁ" አላት እየሳቀ። ጡረታ የወጣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው።

ልጅቷ አልሳቀችም። የመጣችው ልታስቀረው ነበር።

ሳፋው እስከ ግማሹ ውሃ ይዞ አሮጌ ስፒከር ላይ ተቀምጧል። አባትየው ስፒከሩን ሲያበራው ውሃው ደቃቅ ሞገድ አወጣ። ሁለት የጠርሙስ ቡሾች ጣለበት፤ ቡሾቹ ቀስ እያሉ ሄደው ተጣበቁ።

"አየሽ? ማንም አልሳባቸውም፤ ሞገዱ ነው ከውጭ የገፋቸው። ምድርም አትስበንም፤ ሰማዩን የሞላው ሞገድ ነው ወደ እሷ የሚገፋን። ቅንጣት የምትሉትም ቢሆን ጠጣር ነገር አይደለም፤ ራሱን የቋጠረ ሞገድ ነው። ምን ይሉኝ ይሆን፣ ፕሮፌሰሬ?"

ፕሮፌሰሬ ማለት የጀመረው ፊደል ሳትቆጥር ነው። ያኔ ቡሾቹን የምትጥለው እሷ ነበረች።

"አባዬ፣ እስቲ ስፒከሩን አጥፋውና እንጣላቸው።"

"ጠፍቶማ ምን ይሆናል? ሞገድ የለ!"

"ስለ እኔ ብለህ።"

አጠፋው። ውሃው እስኪረጋ ጠበቀችና ቡሾቹን ለያይታ፣ ግን ቀረብ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ተጠጋጉ፤ ተጣበቁ።

አባትየው ለያያቸው። አሁንም ተጣበቁ። ነፋስ ይሆናል ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ያው ነው። እስከ ዛሬ ሁልጊዜ ስፒከሩን አስቀድሞ ያበራ ነበር፤ በሚያጠፋው ሰዓት ቡሾቹን ተጣብቀው ነው የሚያገኛቸው። ሳያበራ መጀመር አንድም ቀን አልታሰበውም።

"ውሃው በቡሹ ዙሪያ ከፍ ይላል" አለች ልጅቷ። "ሲቀራረቡ የሚያገናኛቸው እሱ ነው። ሳፋው ስለ ስበት የሚነግረን ነገር የለም፣ አባዬ።"

አባትየው ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ ጠየቃት።

"መቼ አወቅሽው?"

መዋሸት ትችል ነበር።

"ተማሪ ሳለሁ።"

"ያኔ ጸጉሬ ጥቁር ነበር።"

"ልነግርህ መጥቼ ነበር እኮ። ገና ከበር 'ነይ እዪ!' ብለህ እጄን ይዘህ አስገባኸኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ ስል . . ."

"መሳሳትስ የሰው ነው" አለ ዝግ ብሎ። "ያኔ ብትነግሪኝ ሌላ መንገድ እፈልግ ነበር። አንቺ ግን አጠገቤ ቆመሽ ቡሽ ታቀብዪኝ ነበር። ለካ እንደ ሕፃን ስታባብዪኝ ኖረሻል።"

"ስለምወድህ ነው፣ አባዬ።"

"አውቃለሁ። እሱ ነው የከፋው።"

እናትየው ብቅ አለች። "ኧረ ታክሲው መጣ! ሙሽራው ገና . . ." አለችና ፊታቸውን አየች። ኮቱን ከበሩ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

አባትየው ውሃውን ውጭ ሊደፋ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ለሁለት ነበር የሚሸከሙት፤ ልጅቷ በለመደችው በኩል ጠርዙን ያዘች።

"ተዪው" አላት።

ብቻውን አነሳው። ከብዶታል። በሩ ጋ እስኪደርስ ውሃው እየተንቦጫረቀ በተወለወለው ጫማው ላይ ፈሰሰ።