ሸለምጥማጡና የገሠሠ ዶሮዎች

ጎረቤቴ ገሠሠ ውሻዬን የገደለው በጥር ነው። መርዝ የነሰነሰበትን ሥጋ በአጥሩ ላይ ወረወረለት፤ መከታን ጌሾው ሥር አረፋ ደፍቆ አገኘሁት። ገሠሠ አልካደም። «ጫጩቶቹን ፈጀብኝ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ ደጄ ላይ ቆሞ። መከታ ጫጩት ሊበላ! እኔ ዶሮ በነበረኝ ጊዜ ጀርባው ላይ ወጥተው ሲጭሩ ዓይኑን እንኳ የማይገልጥ ውሻ!

«የእጅህን ይስጥህ» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ግቢ እሳት አልጫርኩም፣ ወሬም አልሰማሁም።

ውሻ የሌለበት ጓሮ ደባርቅ ውስጥ ባዶ አይውልም። መጀመሪያ ቁራዎቹ ደፈሩኝ፤ ሳሙናዬን ከማጠቢያው ድንጋይ ላይ አንስተው ሄዱ። ቀጥሎ ጭላቱ ዝቅ ብሎ መዞር ጀመረ። ፈረንጆቹ አውሬ ለማየት በላንድክሩዘር ወደ ፓርኩ፣ ወደ ቡይት ራስ ሲወጡ ስንት ይደክማሉ፤ እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ በነጻ አያለሁ።

በኪዳነምሕረት ማለዳ ሸለምጥማጡን አየሁት። ገላው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት። ከወንዙ በኩል መጣና በጎመኔ መሃል እንደ ባለቤት ተንጎራደደ። ከአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ የገሠሠ ዶሮ ቤት በስተጀርባ ጭቃው በተሸረሸረበት በኩል ገባ። ሲወጣ በአፉ ቀይ ዶሮ ይዞ ነበር።

እዚያው ቆሜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ጫጩቶቹን የፈጀው ይህ ነው፤ መከታዬ የሞተው በሌላ ወንጀል ነው። አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ሳቅሁ።

መንገር እችል ነበር። አልነገርኩም፤ ደስ ብሎኝ ነው ያልነገርኩት። ጎህ ሲቀድ ከአጥሩ ስንጥቅ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ሸለምጥማጡ ሲያሻው ይመጣል፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ገሠሠ የሰው ሌባ መስሎት ከገበያ ትልቅ ቁልፍ ገዝቶ የዶሮ ቤቱን በር ቆለፈ። ለሸለምጥማጥ ቁልፍ! በማግስቱ ሌላ ዶሮ አጣ። ሚስቱ ስጦታ ስትራገም ስሰማ ጾም እንደፈታ ሰው ጠገብኩ። «ለፋሲካ ሽሮ ይብላ!» እል ነበር በሆዴ።

የንስሐ አባታችን አባ ሀብተ ሚካኤል ፊቴን አይተው ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉኝ። «ታርቄያለሁ አባቴ» አልኳቸው። እውነትም ማለዳ ማለዳ ስንጥቁ ጋ ስቀመጥ፣ አውሬው እንዳይደነብርብኝ ሳሌን በነጠላዬ አፍኜ ነበር።

ሆሳዕና ሲቃረብ ከገሠሠ ዶሮዎች አንዲት ገብስማ ብቻ ቀረች፤ ዕንቁላል የታቀፈችው። ዛሬስ ይወስዳታል ብዬ በተቀመጥኩበት ማለዳ፣ ዓለምዬ ከኪዳን ስትመለስ ጎራ አለች። ዓለምዬ ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ናት። የጊች ሰው ከፓርኩ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ሲወርድ አብራ ወረደች፤ ጓሮ የሌለው አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አጎንብሳ በስንጥቁ አየች።

«ዶሮዬን ነው የሚጠብቁልኝ፣ እትዬ?»

«የማንን ዶሮ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። «የእኔ ናቸው፤ ከጊች ይዣቸው የወረድኩ። ማኖሪያ ባጣ ለጋሽ ገሠሠ በርቢ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ሊያረቡ፣ ጫጩቱን እኩል ልንካፈል። እርስዎ ጋ እንዳላመጣቸው ውሻውን ፈራሁ። ጫጩቶቹ ሲጠፉ ጋሽ ገሠሠ የሰው አደራ ነው ብለው ተጨነቁና…» ድምጿ ወረደ። «ውሻው በእኔ ዶሮ ሰበብ ሲሞት ምን ብዬ ልንገርዎ?»

ሸለምጥማጡ ደግሞ በጎመኑ መሃል መጣ። ለምዶኛል፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ በአጥሩ ሥር ገባ።

ጮኽኩ። በርጩማዬን ወረወርኩ፤ አልመታሁትም። ሳፋ አንስቼ አጥሩን እየደበደብኩ «ገሠሠ! ዶሮ ቤቱን! በጀርባ በኩል!» አልኩ። ገሠሠ ዱላ ይዞ ወጣና ጭቃውን ሲደበድበው፣ ሸለምጥማጡ በአፉ ላባ ብቻ ይዞ በገሠሠ እግሮች መሃል ሾለከ። በእኔው ጎመን በኩል ወደ ወንዙ ነጎደ።

ገሠሠ የተሸረሸረውን ጭቃ አየ። ከአጥሩ ሥር ያለውን ቀዳዳ አየ። ከዚያ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ጌሾውን፣ መከታ የተቀበረበትን አየ። ዱላው ከእጁ ወደቀ። ከጥር ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩት ይህንን ፊት ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው፣ ሸጊቱ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ዓለምዬ ዞር ብላ አየችኝ።

«ከኪዳነምሕረት» አልኩ።

ዓለምዬ በገሠሠ በር ገብታ፣ ጅራቷ የተነጨውን ገብስማ በነጠላዋ ጠቀለለቻት፤ ዕንቁላሎቹን በቅርጫት ገለባ ላይ አደረገች። ስጦታ ልታግባባት ብትሞክር አልሰማቻትም። ገሠሠም «አደራዬን…» ብሎ ጀመረና ተወው። ዓለምዬ በእሱ በር ወጣች፤ በእኔ በር ስታልፍ ቀና አላለችም። ታች ወርዳ ገብስማዋን ልታስጠጋ ጨው ነጋዴዋ ጣይባ ግቢ ገባች።

እኔና ገሠሠ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቀረን። ድንጋይ አንስቶ መጣና ቀዳዳው ላይ ጎንበስ አለ። «ልድፈነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«ተወው» አልኩት። «ከእንግዲህ ምን ሊበላ ይመጣል?»