ሁለት መቶ አስራ አራት ቀይ መስመር

ይቅርታ ይደረግልኝ፣ የወንድምን ገበና ማውጣት ከአማኝ አይጠበቅም፣ ያውም የአሳምነውን፣ ሆሳዕና ውስጥ ኮምፒውተር እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚደወልለትን ሰው፣ ግን ነገሩ ከባድ ነው፣ ሁለት መቶ አስራ አራት መስመር ነው፣ ራሱ ቆጥሮ፣ ቆጥሮ እንኳ አይደለም ኮምፒውተሩ ቆጥሮለት፣ ሪፖርቱ ላይ በደማቁ ጽፎታል።

ሮዳስ በቤተ ክርስቲያኑ አሳታሚ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ከሾኔ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታ። እንደምን አደርክ ወንድም አሳምነው ብላዋለች፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ ደህና እግዚአብሔር ይመስገን ብሏል፣ ደህና አይደለም። መስመሮቹ የሟች አባቷ መዝሙሮች ናቸው፣ በሀዲይኛ፣ መጽሐፍ ሆነው ሊታተሙ፣ ፋይሉን የላከላት እሱ ነው፣ ከአባትሽ ደብተር ጋር አስተያይተሽ መልሺልን ብሎ፣ መለሰችው፣ ልክ ነው፣ አንድ ፊደል አልነካሁም አለች፣ እስኪ ብሎ ሁለቱን ፋይል የተለያየውን መስመር በቀይ የሚያሳየው ማወዳደሪያ ፕሮግራም ውስጥ ከተታቸው፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ አንድም የተረፈ መስመር የለም፣ ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን መስመር ያነብ ነበር፣ እሱ ግን ባለሙያ ነው፣ ባለሙያ አያነብም፣ ሪፖርት ይጽፋል። ሁሉም መስመር ተቀይሯል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በማይክ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ የአባቷን መዝሙር በራሷ ለወጠች ይባላል፣ ከአሳታሚ ኮሚቴው ትውጣ ተብሏል፣ ዛሬ ሊወሰን ነው።

እና ዛሬ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያያል። ሁልጊዜ እዚያው ነበረች። የእሱ ፋይል መስመር ባለቀ ቁጥር ሁለት የማይታዩ ምልክቶች አሉት፣ የእሷ አንድ፣ ኮምፒውተሯ ሴቭ ሲያደርግ አንዱን ጥሎታል፣ ፕሮግራሙም ለዚህ ብሎ መስመሩን ሁሉ ተቀይሯል አለው። በቃ። ኑፋቄው ይኸው ነው።

ዝም ማለትም ይቻላል፣ ሲስተም ነው ማለት ይቻላል፣ በዚህ አገር ሲስተም ያልተሸከመው ጥፋት የለም፣ እሷ ግን ታየዋለች፣ ዓይኗ የአባቷ ዓይን ነው፣ አባቷ ለእሱ ሰርግ ዘምረዋል።

ወንድም አሳምነው፣ ይላሉ ሰብሳቢው ጋሽ ወልደየሱስ፣ ድሮ የፍርድ ቤት ታይፒስት የነበሩ፣ እስኪ ልዩነቱን አስረዳን። የመስመር መጨረሻ ላይ ነው ጋሼ። ቃል ነው? አይደለም። ፊደል? አይደለም። ይታያል? አይታይም። ሲዘመር ይሰማል? አይሰማም ጋሼ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ እኛም በታይፕ ጊዜ መስመር ሲያልቅ ሁለት ሥራ ነበረብን፣ ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው መመለስ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ማለፍ፣ ያንተኛው ሁለቱንም ይጽፋል፣ የእሷ በአንዱ ይግባባል፣ እንደዚያ ነው? ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ እሱ አራት ዓመት ኮሌጅ ተምሯል፣ እንደዚያ ነው ጋሼ ይላል። ታዲያ ልጅቷ ምን ቀየረች?

ምንም።

ትወጣለች ቃሏ፣ ቀላል ናት፣ ሪፖርቱ ሦስት ገጽ ነበር።

እሁድ ሦስት ገጽ ነው የተነበበው፣ ትላለች ሮዳስ፣ ምንም የምትለው ግን አንድ ቃል ናት፣ ብዙ አታደክምህም፣ እሁድ በዚያው ማይክ በላት ወንድም አሳምነው። ጋሽ ወልደየሱስ በሀዲይኛ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፣ ሮዳስ ሳቋን በነጠላዋ ትይዛለች፣ እሱ ሰምቷል፣ እንዳልሰማ ይሆናል፣ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፣ ውድ ምዕመናን በመስመር መጨረሻ ምልክቶች አለመጣጣም ምክንያት፣ አይ፣ ይሰርዛል፣ እህታችን አንድ ፊደል አልነካችም፣ እኔ አላነበብኩም። ሁለት መስመር። ጮክ ብሎ ያነባቸዋል፣ በዚህ ጊዜስ ያነባቸዋል።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሆሳዕና ደግሞ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል፣ እባካችሁ እስከ እሁድ ለማንም እንዳታወሩ፣ እሱ ራሱ ይናገረው።