የሰርዝ ቁልፍ

ከስክሪኑ ግርጌ ያለው የተመዘገቡ ደንበኞች ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ከምሳ በኋላ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣችው ሙሽሪት ልኬት ሲመዘገብ አራት መቶ አሥራ ሦስት መሆኑን በዓይኗ አይታለች። መጉደሉን ያስተዋለችው ግን ሙሽሪት ተሰናብታ ከወጣች ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ብዙም አልደነገጠችም፤ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

ቅጹን የሠራችው ራሷ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች ጀምሮ በዚህ ልብስ ስፌት ቤት ስትተኩስና ደንበኛ ስትቀበል ኖራ፣ አምና ልጇ ጎትጉታ የሦስት ወር የኮምፒውተር ኮርስ አስገባቻት። ቅጹ ላይ የልብሱ ዓይነት የሚመረጥበት ዝርዝር አለ፤ ለትከሻ፣ ለደረት፣ ለወገብና ለክንድ ባዶ ሣጥኖች አሉ፤ ከሥር ደግሞ «መዝግብ» እና «ሰርዝ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች። «ሁለት ቁልፍ ሠራሁ» ብላ ስታበስር፣ ዋናው ሰፊ ጋሼ «ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው ባለ አራት?» ብለው ስቀውባታል።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ነክተውታል እንዴ?»

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነጩ ሐር ላይ አጎንብሰዋል።

«በደንብ አድርጌ! ልመዱት ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ? የልጅቷን ክንድ ሃምሳ ስምንት ብዬ ጽፌ ኖሯል፤ ሃምሳ ስድስት ነው። ስህተት ምን ይደረጋል? ይሰረዛል። ሰርዝ የሚል አየሁ፣ ሰረዝኩ።»

«እሱ እኮ ቁጥሩን አይደለም የሚሰርዘው፤ ልጅቷን ነው!»

«ሰው እንዴት ይሰረዛል?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቀኝ እንጂ!» መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉት። «‹እርግጠኛ ነህ?› አለኝ። ነህ! ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ትናንት ከካርቶን የወጣ ዕቃ አንተ ይበለኝ? ተናደድኩና ‹አዎ!› አልኩት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ከአስተማሪው ሰሌዳ ላይ እንዳለ ነበር የገለበጠችው፤ ማን እንደሚያነበው አላሰበችም።

ሠርጉ እሑድ ነው። ሐሩ ለአንድ ቀሚስ ብቻ ይበቃል፤ ዛሬ ካልተቆረጠ አይደርስም። ጋሼ ልኬት ይጽፉበት የነበረውን የድሮ ደብተር ያስተወቻቸው ደግሞ እሷው ራሷ ናት። በአውቶቡስ ወደ አገሯ ልትመለስ የወጣችው ሙሽሪት ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው።

«በቃ፣ አውቶቡሱ ተገልብጧል» አለች።

«ገና መቼ ተነሣና! አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምሄደው ብላለች። ይልቅ ሜትሩን ያዢና ሩጪ፣ ወይዘሮ ምናልባት!» አሉ፣ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ስለምትፈራ ባወጡላት ስም።

እግሬ አውጪኝ አለች። የልኬት ሜትሩ አንገቷ ላይ እየተውለበለበ ሁለት መንገድ አቋርጣ መናኸሪያው ስትደርስ፣ የአውቶቡሱ ሞተር እየጮኸ ነው። ሙሽሪት ከኋላ በመስኮት በኩል ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ውረጂ! ልኬትሽ ጠፋ!»

«ሴትዮ፣ መንገደኛ ይዘናል እኮ!» አለ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ።

«አንድ ደቂቃ፣ ወንድሜ። እሑድ ሠርጓ ነው።»

ሠርግ የሚለውን ቃል ሲሰማ መንገደኛው ሁሉ አንገቱን አወጣ። «ትለካ! ትለካ!» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ዳኛ ይመስል። ሙሽሪት ወርዳ በሩ ሥር ቆመች፤ ረዳቱም ሳይወድ በግዱ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ቲኬት ገልብጦ ያዘ።

«ትከሻ ሠላሳ ስምንት!»

«ሠላሳ ስምንት!» አለ አውቶቡሱ በሙሉ።

«ወገብ... ሆድሽን አታስገቢ።»

«ቀጭን ልሁን ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«የሠርግሽ ዕለት ትንፋሽ ያስፈልግሻል። ልቀቂው። ሰባ ሁለት!»

«ሰባ ሁለት!»

«ክንድስ?» አለ ሾፌሩ፣ ሥራው የሱ ይመስል።

«ሃምሳ ስድስት!» አለች። ጋሼ ልክ ነበሩ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እያምባረቀ ሲወጣ እሷ ቲኬቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ብቻዋን ስትስቅ መናኸሪያው ሁሉ ያያታል።

ጋሼ ጠመኔያቸውን ይዘው ሐሩ ላይ ሲያሰምሩ፣ እሷ ልኬቱን መልሳ አስገባች። አራት መቶ አሥራ ሦስት። ከዚያ ከቁልፉ ጀርባ ያለውን ትእዛዝ ከፈተች። ከ«መዝግብ» ጎን «ይቅር» የሚል አዲስ ቁልፍ ተከለች፤ ሥራው ገና ያልተመዘገበን ለውጥ ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ ነው። አጥፊውን «ሰርዝ» ወደ ጥግ ገፋችው፣ ቀይ ቀባችው፣ «መዝገቡ ይጥፋ» አለችው።

«ይሞክሩት፣ ጋሼ። ሆን ብለው ይሳሳቱ።»

ጋሼ በአንድ ጣታቸው የሙሽሪትን ወገብ ሁለት መቶ አድርገው «ይቅር»ን ተጫኑ። ሰባ ሁለት ተመለሰ።

«ይቅር አለኝ እኮ!» አሉ። «ሚስቴ እንኳ እንዲህ ቶሎ ብላ አታውቅም።»

ከዚያ ሳያስቡት ቀዩን ነኩት። እሷ ጮኸች። ስክሪኑ ግን «የዚህ ደንበኛ ልኬት በሙሉ ሊጠፋ ነው። እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ቆመ። ጋሼ መነጽራቸውን አውርደው ሁለቴ አነበቡት፤ የኮታቸውንም ቁልፍ ቆለፉ።

«አይደለሁም» አሉት በትሕትና፣ «አይ» የሚለውን እየተጫኑ። «ይኸው ‹ነዎት› ሲለኝ አሰብኩበት።»

ቀሚሱ ተቆርጦ ሲያበቃ መብራት አጥፍተው አብረው ወጡ። ማታ ማታ በሩን ቆልፋ እስከ መታጠፊያው ትሄድና ትመለሳለች፤ እጀታውን ትነቀንቃለች፤ ደግሞ ትሄዳለች፤ ደግሞ ትመለሳለች። ጋሼ ይህን ለዓመታት ቆመው ጠብቀዋል።

ቁልፉን በቀዳዳው ከተተችና አዞረችው።

«እርግጠኛ ነዎት?» አሉ ጋሼ፣ ጎንበስ ብለው።

«አዎ» አለች፤ እጀታውን ሳትነቀንቅ ቁልፉን ነቅላ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።