ሁሉም አርባ አምስት ኪሎ

ይህ የማታውቀው ሰውዬ ከአባቷ ፎቶግራፍ ፊት ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ሰባ ስምንት ኪሎ» ያለው ለምንድን ነው?

ልጅቱ መልሱን አላወቀችም። ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ትናንት አንድ አንካሳ ሽማግሌ «ስልሳ ስድስት» ብሎ ሲቀመጥ ዕድሜውን የሚናገር መስሏት ነበር። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላው «ሰባ አንድ ነበርኩ፤ ይቅር በለኝ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ተጋብቶባት እናቷ እንኳ በመሐረቧ አፏን ስትሸፍን አየች።

ልጅቱ ሩቅ አገር የአውሮፕላን ምህንድስና ተምራ፣ ነገር ሳታላምጥ የማትውጥ ሆና ነው የተመለሰችው። የደረሰችውም ከቀብሩ በኋላ ነው። አባቷ የጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው በምትጭን ሄሊኮፕተር፣ ከተከበበ ኮረብታ ላይ ሃያ ሦስት ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ማውጣቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያወራ ሰምታለች። ከሁለት ወር በፊት ታዲያ ቁጭ ብላ አሰላችውና ደወለችለት።

«አባዬ፣ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ሙቀት፣ ያን ሁሉ ሰው ይዛ አትነሳም።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ከዚያ ወጥቼ እኮ ነው የወለድኩሽ።»

«እንግዲያው ቁጥሩን አጋንነሃል።»

«እሺ፣ የኔ ምሁር» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ስለ አየሩ ጠባይ ብቻ ያወራት ነበር። ውሸታም እንዳለችው ነው የሞተው። ውሸታም ነበር ወይስ አልነበረም? ይህን ሳታውቅ ተመልሳ መሄድ አልቻለችም።

ጥግ ላይ ሻዩን እያቀዘቀዘ ወደተቀመጠው የአባቷ ሄሊኮፕተር ቴክኒሻን ጠጋ አለች። የሚጫነውን ሁሉ ሲመዝን ስለኖረ «ሚዛን» ይሉታል።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው ኪሏቸውን የሚናገሩት?»

«ንስሐ እየገቡ ነው» አላት። «ያን ቀን ኮረብታው ላይ ጥይቱ እንደ በረዶ ይወርድብናል። አባትሽ 'ስንት እንደሚመዝኑ ጠይቅ፤ ከከበደን የሚቀር ይኖራል' አለኝ። ቁስለኞቹ ሰሙታ። አንዱን ብጠይቀው 'አርባ አምስት'። ጎኑ ያለውም 'አርባ አምስት'። ጓደኛዬ በኔ ምክንያት እንዳይቀር ብሎ ሁሉም አርባ አምስት ኪሎ ሆኖ አረፈው። ያ ወንበሩን የሚያስቃስተው አስር አለቃማ አርባ አለኝ።»

«ደም ፈሶኝ ነበራ» አለ አስር አለቃው ከወዲያ ማዶ። «ቀልዬ ነበር።»

«አሁን ነው ደሙ የተመለሰልህ?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«አባዬ አመናቸው?»

«ምን ያምናል! ወረቀቱን አይቶ 'ጎሽ፣ መዋለ ሕፃናት ነው የምንጭነው' አለ። ወንበሮቹን አስነቀለ፣ በሮቹን አስወለቀ፣ ከሚያደርሳቸው በላይ ያለውን ነዳጅ አስደፋ። በመጨረሻ እኔን አየኝ። ወረድኩ። ሊመሽ ሲል በዚያው ጥይት ውስጥ ተመልሶ ወሰደኝ፤ 'አንተስ ስንት ኪሎ ነህ?' እያለ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ይዛ እንዴት ተነሳች?»

«አልተነሳችም።»

ልጅቱ ይበልጥ ጠጋ አለችው።

«ሁለቴ ሞከረ። ክንድ ያህል ከፍ ትልና ዘጭ። በሦስተኛው መሬት ለመሬት እየጎተታት ወደ ገደሉ አፍ ሄደና ወረወራት። እኔ ኮረብታው ላይ ቆሜ ገደሉ ዋጣቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ፍንዳታ ጠበቅኩ። ቆየብኝ። ስገልጥ ታች፣ ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ በላይ፣ ወሯ እንደገባ እርጉዝ እየተንገዳገደች ስትሄድ አየኋት። መውደቋ ፍጥነት ሰጣት።»

መውደቅ ፍጥነት እንደሚሰጥ፣ ፍጥነትም እንደሚያነሳ ልጅቱ ተምራዋለች፤ ፈተናም አልፋበታለች። ሂሳቧ ውስጥ ያልነበረው ገደሉ ነው።

ሳቋ አመለጣት። እንባዋም አብሮ መጣ፤ የትኛውን እንደምትጠርግ ግራ ገብቷት ወደ በረንዳው ወጣች። ስልኳን አውጥታ የአባቷን ቁጥር ፈለገችና ጻፈች፦

«አባዬ፣ ሂሳቤ ልክ ነበር፤ አልተነሳችም። እንዴት እንዳበረርካት ግን አልጠየቅኩህም። አሁን ልጠይቅህ፤ ስትወረውራት ፈርተህ ነበር?»

ላከችው። ከውስጥ አስር አለቃው አንድ ነገር ተናግሮ ቤቱ እንደገና በሳቅ ፈነዳ። እሷ ፊቷን ወደ ግቢው አዙራ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ መስተዋቱ እስኪጠቁር ድረስ አየችው፤ ሲጠቁር በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ አበራችው።