ከቦታው ያልተነቃነቀ ቁጥር

ነርሷን ሰው ሁሉ «ሲስተር ሜትር» ነበር የሚላት። መለኪያ ሜትሯን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ስለምትውል በጥናቱ የታቀፉት ሰዎች ያወጡላት ስም ነው። አራት መቶ ሰው ነበረባት። በየስድስት ወሩ ሁለት ፎቅ ደረጃ ወጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ኪሳቸውን አራግፈው ሚዛኗ ላይ ይቆማሉ። እሷ ክብደታቸውን ትጽፍና ወገባቸውን ስትለካ «ትንፋሽ ማውጣት እንጂ ሆድ መዋጥ የለም!» ትላለች። ሆዱን የማይውጥ ግን አንድም አልነበረም።

የጥናቱ ነገር እንዲህ ነው። ሰዎቹ ሲገቡ ከልክ በላይ ወፍራም የሚባሉ አልነበሩም፤ ገና አፋፉ ላይ የቆሙ ናቸው። እድሜያቸው አርባን የተሻገረ፣ ሥራቸው ተቀምጦ የሚዋልበት፣ በዘራቸውም ውፍረትና የስኳር በሽታ ያለባቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የምክር ወረቀት ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የቀሩት ግን በየሳምንቱ ከአሠልጣኝ ጋር እየተገናኙ አኗኗር መለወጥን ይማራሉ፦ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፣ በየሰዓቱ ከወንበር መነሳት፣ ስኳርና ዘይት መቀነስ፣ የሰሃኑን እኩሌታ አትክልት ማድረግ፣ በጊዜ መተኛት። መድኃኒት የለ፣ መርፌ የለ። ይህ አምስት ዓመት ሊዘልቅ ነው።

ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ነርሷ አታውቅም፤ እንድታውቅም አይፈቀድም። ካወቀች ሳታስበው ሜትሩን ለአንዱ ጠበቅ፣ ለሌላው ላላ ታደርጋለች ተብሎ ይፈራል። የክፍሏ በር ላይ «እባክዎ ቡድንዎን ለለኪዋ አይንገሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ነርሷ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ሰው ሲቀንስ አላየችም። አንዳንዱ ይጨምራል፣ አንዳንዱ ባለበት ይረግጣል። ክብደቱ በጣም የወረደ ሰው ከተገኘም ታሞ የሰነበተ ነው። አንድ ቀን ጥናቱን የሚመሩትን ዶክተር ኮሪደር ላይ አግኝታ፣

«ዶክተር፣ ነገራችን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዳይሆን» አለቻቸው።

ዶክተሩ ሽበታም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። «ቆይ እስቲ» አሉና አለፉ። በመሥሪያ ቤቱ እንደሚወራው፣ ዶክተሩ አግቡ ሲባሉም ለሽማግሌዎቹ የመለሱት ይህንኑ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ልብስ ሰፊው ቀረ።

ልብስ ሰፊው ነርሷ ቀጠሮውን በጉጉት ከምትጠብቃቸው ሰዎች አንዱ ነበር። ሜትሩን ወገቡ ላይ ባዞረች ቁጥር «አጣመምሽው ሲስተር፤ እኔ ዘንድ ብትቀጠሪ በሳምንትሽ ትባረሪ ነበር» እያለ ያስቃታል። አሁን ሁለት ቀጠሮ አሳለፈ። ስልክ ስትደውል ባለቤቱ አነሳችና «ወደዚያ አልመለስም ብሏል፤ አፍሬያለሁ ነው የሚለው» አለቻት። የቀረን ሰው ያለበት ድረስ ሄዶ መጠየቅ የነርሷ ሥራ ነውና በማግስቱ ረፋድ ላይ ሱቁ ሄደች።

ሱቁ የአንድ ሕንጻ ደረጃ ሥር የተወተፈች ናት። ሁለት የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ራስ የሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት፣ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ። ልብስ ሰፊው ከመርፌው ቀና ሲል ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሲስተር! እዚህ ድረስ?»

«ምነው ጋሼ፣ ጠፉብን?»

ከወንበር ላይ ጨርቅ አንስቶ አስቀመጣት። «በምን ፊቴ ልምጣ? ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ፀሐይ ሳልል ተራመድኩ። ለስላሳ ተውኩ፣ ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ...»

ነርሷ ሁለት እጇን አነሳች። «ጋሼ፣ አይንገሩኝ! ቡድንዎን ማወቅ የለብኝም!»

«ወጣ እንግዲህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።» በረጅሙ ተነፈሰ። «ያን ሁሉ ለፍቼ አንድ ኪሎ አልቀነስኩም። ስመጣ ሰማንያ አንድ ነበርኩ፤ ዛሬም ሰማንያ አንድ። ታላቅ ወንድሜ ‹በእግርህ የሄድክበትን ብትደምረው ሌላ አገር ትደርስ ነበር፤ አንተ ግን እዚሁ ነህ› እያለ ይስቅብኛል። የሰው ጊዜ አላባክንም ብዬ ነው የቀረሁት።»

 ነርሷም በልቧ እንደሱ ነበር የምታስበው።

በዚህ መሃል አንድ ሾፌር ሱሪ ይዞ ገባ። «ወገቡን ልቀቅልኝ፤ ሲታጠብ ጠበበ መሰለኝ።»

«አዎ፣ ሱሪ ሲታጠብ ሁልጊዜ ወገቡ ላይ ነው የሚጠበው» አለ ልብስ ሰፊው ሳይስቅ። ሾፌሩን ለካውና ከመደርደሪያ አንድ ወፍራም ደብተር አውርዶ፣ ገጹን ፈልጎ ጻፈ። ነርሷ በትከሻው አሻግራ አየች። ከቀኑ ጎን ለጎን የወገቡ ልክ ተደርድሯል፦ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና ሁለት፣ ዛሬ ዘጠና ሰባት።

ሾፌሩ እንደወጣ «ይሄ ደብተር የስንት ዓመት ነው?» አለችው።

«አሥራ ስምንት። ደንበኛ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ እለካለሁ። የአምናው ልክ የዘንድሮን ሰው አይመጥንም ይል ነበር አባቴ።»

«ልየው?»

ሰጣት። ነርሷ የመጀመሪያዎቹን ገጾች የገለጠችው እንዲሁ ለወሬ ያህል ነበር። እየቆየች ግን እጇ ዘገየ። አስተማሪው፣ የባንኩ ዘበኛ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጠበቃው፣ የጠበቃው ልጅ። ሰፈሩ በሙሉ እዚያ አለ። የሁሉም ቁጥር በዓመት በሁለት በሦስት ሴንቲሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ማንም በአንድ ቀን አልወፈረም፤ ማንም ሲወፍር አልታየም። እሷ በሦስት ዓመት ያልጨበጠችውን ነገር አንድ ሰው በእርሳስ ጫፍ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጽፈው ኖሯል። 

«የእርስዎስ ገጽ?»

«ከወንድሜ ጋር ነው። ኮትና ሱሪያችንን ከአንድ ጨርቅ ነው የምሰፋው፤ ልካችን ያው ስለነበር ለሁለታችን አንድ ገጽ ሰጠሁ።»

አገኘችው። ቀኝና ግራ፣ ሁለት ዓምድ። በጥናቱ መጀመሪያ ዓመት ወንድምየው ዘጠና ስድስት፣ ልብስ ሰፊው ዘጠና አራት። ከዚያ ወዲህ ወንድምየው ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ ሁለት፣ መቶ አምስት። ልብስ ሰፊው ዘጠና አራት፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አራት።

ነርሷ ጣቷን ቁጥሩ ላይ እንዳደረገች ቀረች። «ጋሼ፣ ይህን አይተውታል?»

«ምኑን? ባለበት መቆሙን? እኮ እሱን ነው የምልሽ!»

«በዚህ ደብተር ውስጥ ባለበት የቆመ ሌላ ሰው ያሳዩኝ።»

«ሞልቶ!» ብሎ ተቀበላት። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሳ። መጀመሪያ በፍጥነት፣ በኋላ በዝግታ፣ በመጨረሻ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እንደሚጸልይ ሰው ገለጠ። ሁለት ደንበኞች ጨርቅ ይዘው መጥተው በእጁ «ቆዩ» ብሏቸው ቆሙ። መጨረሻው ገጽ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ፖስተኛው አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በመኪና ነው የሚያድለው?»

«በእግሩ ነው። ሠላሳ ዓመት በእግሩ።»



«ጎርፍ አገሩን ጠርጎ ሲወርድ» አለች ነርሷ ቃሉን እየፈለገች፣ «መሃል ላይ ባለበት የቆመ ሰው ቢኖር፣ ምንም አላደረገም ይባላል?»

 ልብስ ሰፊው የገዛ እግሮቹን የሌላ ሰው ይመስል ያያቸው ጀመር።

ነርሷ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ቢሮ ገብታ ምንም ሳትደብቅ ተናገረች፤ የልብስ ሰፊውን ቡድን ማወቋን፣ የደብተሩንም ነገር። ዶክተሩ እስክትጨርስ አዳመጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ እሱን ሌላ ነርስ ይለካዋል» አሉ። «ደብተሩ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። አንድ ሰው አንድ ሰው ነው። ቆይ እስቲ።» ይህን ብለው ግን መስኮቱ ጋ ሄደው ብዙ ቆሙ።

ልብስ ሰፊው ተመለሰ። ነርሷም መለካቷን ቀጠለች፤ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። አንድ ሰው ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቁጥሩ ያለፈውን ሲደግም እጇ ላይ ያለው እስክሪብቶ ይከብዳት ጀመር። «ያው ነኝ አይደል?» ሲሏት «ያው ነዎት» ትላለች። ፊቷ ላይ ምንም እንዳያነቡባት ወደ መዝገቡ ታጎነብሳለች።

አምስተኛው ዓመት ሞላ። ዶክተሩ ሰዎቹን በሙሉ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ጠሩ። የሚበዙት መጡ። ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር በራ። አንደኛው እንደ ደረጃ ይወጣል። ሁለተኛው እንደ ወለል ተኝቷል።

«ላይኛው የምክር ወረቀት ብቻ የተሰጣቸው ናቸው» አሉ ዶክተሩ። «በአማካይ ወደ ስድስት ኪሎ ጨምረዋል። ታችኛው አኗኗራቸውን የለወጡት ናቸው። የእነሱ ጭማሪ አንድ ኪሎ አልሞላም። ሁሉም አልተሳካላቸውም፤ አቋርጠው የሄዱም፣ እየተራመዱ የጨመሩም አሉ።»

ከኋላ አንድ ሴትዮ ተነሱ። «እኛ ወረቀት የደረሰንስ ምን በወጣን?»

«ምንም። ዕጣ ነው። ሳናውቅ ልንሰጣችሁ አልቻልንም ነበር፤ አሁን አውቀናል። ከሰኞ ጀምሮ ሥልጠናው የእናንተ ነው።»

ሴትዮዋ «ሰኞማ የት ልሄድ!» ብለው ተቀመጡ፤ አዳራሹ ሳቀ። ዶክተሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ቀጠሉ።

«ሌላ ነገር አለ። ከወረቀቱ ቡድን ሠላሳ አንድ ሰው በስኳር በሽታ ተይዟል፤ ሕክምናቸው ተጀምሯል። ከሌላው ቡድን አሥራ አራት። ልዩነቱ አሥራ ሰባት ሰው ገደማ ነው።» አሁን ድምፃቸው ተሰበረ፤ ነርሷ እንዲህ ሲሆኑ አይታቸው አታውቅም። «እነዚያ አሥራ ሰባት ሰዎች ይታመሙ ነበር፤ አልታመሙም። ምናልባት አሁን እዚህ ተቀምጠው ይሰሙኛል። እነማን እንደሆኑ እኔ አላውቅም። እነሱም አያውቁም። መቼም ማንም አያውቅም።»

 ሰው ወደ ጎኑ ማየት ጀመረ፤ ከጎኑ ያለውን፣ ከፊቱ ያለውን፣ ቀጥሎም የገዛ እጁን። ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ታያቸው ነበር። በሥራ ዘመኗ የዳነ ሰው አይታለች፤ አልጋውን ለቆ፣ ቤተሰቡ እልል ብሎለት ሲወጣ። ሳይታመም የዳነ ሰው እንዲህ በወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ማንነቱ ለራሱም ተሰውሮ፣ ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ከእንቅልፋቸው የተነሱ ያህል ቀስ ብለው ብድግ አሉና አጠገባቸው ወዳለችው የባንክ ሠራተኛ ዞሩ።

«ምናልባት አንቺ ትሆኚ ይሆናል» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «እንኳን አተረፈሽ፣ ልጄ።»

«እርስዎም ይሆናሉ፣ አባባ» አለች እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ። «እንኳን አተረፈዎት።»

ከዚያ ወዲያ አዳራሹን የሚይዘው ጠፋ። ሰው ወንበሩን እየለቀቀ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እየጨበጠ፣ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንንም ላለመዝለል እየተጠነቀቀ «እንኳን አተረፈህ» ይባባል ጀመር። ነርሷም መሃላቸው ገባች። ወገባቸውን በሴንቲሜትር፣ ክብደታቸውን በግራም ስታውቅ የኖረቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እጃቸውን እየያዘች ፊታቸውን አየች። ከመጨረሻው ረድፍ ስትደርስ ቀትር ሆኖ ነበር።