የብርብራው ውሃ

ቸኮል ከጎጃም መጥቶ በሀዲያ አገር ፎንቆ ላይ ዳኛ የሆነ ሰው ነበር። በነቢያት ጾም ከሆሳዕና ከተማ እንግዶች ሊመጡበት ሆነና ሚስቱ እህተማርያም፣ "በሽሮ ብቻ ልሸኛቸው እንዴ?" ብላ ተጨነቀች። ያን ጊዜ ለቸኮል የአገሩ ዘዴ ትዝ አለው። ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ፣ ማንም ሳያየው የአካባቢው ወንዝ ረጋ ብሎ ከሚተኛበት ቦታ በተነው። ዓሦቹ ብዙም ሳይቆዩ እየተንሳፈፉ አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ትልልቆቹን ለቃቅሞ ወሰደ። እንግዶቹም በልተው መረቁት።

ሳምንት ሳይሞላ ባፈና የሚባል የሀዲያ ሰው ብሩ የሚባለውን ቆዳ ፋቂ እየጎተተ ችሎት ቀረበ። ባፈና ከዚያው ወንዝ ዓሣ እያጠመደ ልጆቹን ያሳድጋል።

"ጌታዬ፣ የዚህ ሰው የቆዳ እጣቢ ዓሣዬን ፈጀው። ጥቃቅኑ ሳይቀር ረገፈ። የተረፈውም ትል ቢጥሉለት አይነካ፣ እጅ ቢሰዱበት አይሸሽ።"

ብሩ መሬት መሬት እያየ፣ "ከአባቴ ጀምሮ እዚያው ነው የምንነክረው። አንድም ዓሣ ሞቶ አያውቅም" አለ።

"ይባረር!" አለ የተሰበሰበው ሰው።

ቸኮል "ቦታውን ልየው" ብሎ ተነሣ።

ወንዙ ዳር ጥቃቅን ዓሦች ሆዳቸው ነጥቶ ተከምረዋል። ባፈና በሕይወት ያለ አንዱን በመዳፉ አነሣ። ዓሣው ከስቷል፤ መተንፈሻ ስንጥቡ በግድ ይከፈታል።

"ውሃ ውስጥ ሆኖ ትንፋሽ አጣ፣ ጌታዬ" አለ ባፈና።

"ብሩን ልቀቁት። ብርብራ የበተንሁት እኔ ነኝ" አለ ቸኮል።

ባፈና ዓሣውን ቀስ አድርጎ ውሃው ውስጥ መለሰና፣ "እርስዎ ከሆኑማ ምን እላለሁ" ብሎ ሄደ። ቢሰድበው ኖሮ ለቸኮል በቀለለው ነበር።

ቸኮል ላም ላከለት። ባፈና ላሚቱን ተቀበለ፤ የዳኛ ስጦታ አይመለስማ። ዓሣ ግን አልነበረምና ክረምት ሳይገባ ልጆቹን ይዞ የሰው መሬት ሊያርስ ወደ ዶዮገና ተሰደደ።

ገበያው ደግሞ ሌላ ያወራ ጀመር፤ "ዳኛው ለፋቂው አዝኖ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ" ተባለ። ቸኮል "አይደለም፣ እውነቴን ነው!" ባለ ቁጥር፣ ትሕትናውን ያደንቁለታል። ሰዉ አሁንም ጥፋተኛው እሱ ነው ብሎ ብሩን እንደ መርዘኛ ያየው ነበርና ቆዳውን ተሸክሞ ከወንዙ ርቆ ሄደ። ቸኮል ከቤቱ ደጅ ቆሞ ሲያልፍ አየው፤ ሊጠራው አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው።