የጋሽ ሕሩይ አስተርጓሚ

የራዲዮው ሰባኪ ወደ ካቶሊኮች ነገር ሲዞር እድላዊት መተርጎሟን አቆመች።

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ ሕሩይ፣ ዓይናቸውን ከበረዶው መንገድ ሳያነሱ። "ቀጥይ እንጂ።"

ውላቸው ቀላል ነበር። ጋሽ ሕሩይ በየማለዳው ከሚኖሩበት ከሞንትቤሎ ሰፈር አውሮራ ከተማ ድረስ፣ እሳቸው፣ እትዬ አረጋሽና እሷ ወደሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ ይወስዷታል። እሷ በቤንዚን ፈንታ ከኋላ ወንበር ሆና የራዲዮውን የእንግሊዝኛ ስብከት ወደ አማርኛ ትመልስላቸዋለች፤ በፕሮቴስታንት ቸርቻቸው ፈረንጅ ሲሰብክ ጎኑ ቆሞ እንደሚያስተረጉመው ሰውዬ። አውቶብሱ የሚደርሰው ፈረቃዋ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ መኪናው ቀረ ማለት ሥራው ቀረ ማለት ነው። እናቷም ጠዋት ጠዋት "አፍሽን ሰብስቢ" ብላ ነው የምትሸኛት። የእድላዊት አፍ ግን መሰብሰብ አልፈጠረበትም።

እንግሊዝኛውን ያስተማሯት አዲስ አበባ ያሉ የካቶሊክ ሲስተሮች ናቸው። ለምን ሥራ እንደዋለ ቢያዩ መቁጠሪያው ከእጃቸው ይወድቅ ነበር። ሰባኪውን እንኳ አትጠላውም። ስለ ዘኬዎስ የሰበከ ቀን ዛፉ ላይ የወጣችው ራሷ እስኪመስላት ድረስ ወዳዋለች። የሚያንገበግባት፣ እሷ የምታምነውን እሷን ሳይጠይቅ ለአገር ሁሉ ማውራቱ ነው። ካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ አይገልጥም ይላል፤ ካቶሊኳ እናቷ ደግሞ ወንጌል ሳታነብ መብራት አታጠፋም። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለው ሲመጣ እየዘለለች፣ በቦታው "እግዚአብሔር ፍቅር ነው" ትል ነበር። ጋሽ ሕሩይም "አሜን" ይላሉ።

ዛሬ መዝለል ሰለቻት።

"ማርያምን የሚለምን ሁሉ ጣዖት አምላኪ ነው፣ ገሃነም ይጠብቀዋል ነው የሚለው።"

ከፊት የተቀመጡት እትዬ አረጋሽ ቀስ ብለው ዞሩ። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ስብከቱን እንደ እሹሩሩ እየሰሙ እንቅልፋቸውን ሲጨርሱ ነው የከረሙት።

"እኔንም ነው?"

"እርስዎንም፣ እኔንም።"

ጋሽ ሕሩይ ተቆጡ። ከራሷ እየጨመረች ሰው ከሰው ልታጣላ ነው አሉ።

"አልጨመርኩም ጋሼ። እንዲያውም እስከ ዛሬ እየቀነስኩ ነበር።"

ጋሽ ሕሩይ ያሉትን "አሜን" ሁሉ መለስ ብለው የሚቆጥሩ መሰሉ። እድላዊት ግን አንዴ ተከፍታለች። "ትናንት እትዬ አረጋሽን ስለ ጉልበትዎ 'ጸልዩልኝ' ብለዋቸዋል። እኔም ማርያምን 'ጸልዪልኝ' ነው ያልኳት። እርስዎ እትዬ አረጋሽን አመለኳቸው ማለት ነው?"

እትዬ አረጋሽ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ጋሽ ሕሩይ የፒዮሪያ መንገድ ከኮልፋክስ መንገድ የሚገናኝበት የአውቶብስ ፌርማታ ፊት ፓርክ አደረጉ።

"መተርጎም እንጂ መስበክ አልተባልሽም። አለዚያ ውረጂና አውቶብስሽን ጠብቂ።"

ፌርማታው ላይ ማንም የለም። እድላዊት እጇን በሩ ላይ አሳረፈች። ሥራዋን፣ የእናቷን ፊት አሰበች። በሩን ግን አልከፈተችም።

"ደርግ ወንጌል በራዲዮ ሲሰሙ ይዞ አስሮዎታል። 'እምነትህን ተውና እንፍታህ' ሲሉዎት እምቢ ማለትዎን ራስዎ ነግረውኛል። እኔ ለሊፍት ብዬ ዝም ብል አይንቁኝም?"

የመስታወቱ መጥረጊያ በረዶውን እየጠረገ ተመላለሰ። እትዬ አረጋሽ ልጅቷ ከወረደች እሳቸውም እንደሚወርዱ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው ተናገሩ።

ጋሽ ሕሩይ ማርሽ አስገቡ። መኪናው ፌርማታውን ትቶ ሲንቀሳቀስ፣ እጃቸውን ሰደው ራዲዮውን ሊዘጉት ቃጡ።

"አይዝጉት" አለች እድላዊት። በሁለቱ ወንበሮች መሀል ተንጠራርታ ድምፁን ጨመረችው። "ይናገር፤ የሚለውን ሁሉ እተረጉማለሁ። ከነመልሱ።"